ቀስትን የሚያውቅ፣ ፊደልን የማያውቅ፦ «ኪሎ» በተባለው የጽሑፍ አርታዒ የተርሚናል ግብአት አያያዝ ላይ የቀረበ ሒስ

የኮምፒዩተር ፕሮግራም በቋንቋ ጥናት መድረክ ለሒስ ሲቀርብ እምብዛም አይታይም። ይሁን እንጂ ከቁልፍ ሰሌዳ የሚመጣን ጽሑፍ ተቀብሎ በመስመር የሚያኖር ፕሮግራም ሁሉ፣ አዘጋጁ አሰበውም አላሰበውም፣ «አንድ ፊደል ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሰጥቶ ነው የሚነሣው። መልሱ እንደ ሰዋስው መጽሐፍ ብያኔ በግልጽ ተጽፎ አይገኝም። የመሰረዣው ቁልፍ አንድ ጊዜ ሲነካ ምን ያህል እንደሚጠፋ፣ ጠቋሚው አንድ እርምጃ ሲራመድ ምን ያህል እንደሚያልፍ በሚወስኑት ጥቂት የኮድ መስመሮች ውስጥ ተሰውሮ ይኖራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሲ ቋንቋ የተጻፈውን «ኪሎ» የተባለ አነስተኛ የጽሑፍ አርታዒ ከዚህ አንጻር መመርመር ነው።

ጥያቄውን በጅቡቲ ከተማ ሆኖ ማንሣት ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት አለ። የአገሪቱ የሥራ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ሲሆኑ፣ ሕዝቡ በአብዛኛው የሚናገረው ሶማልኛና አፋርኛ ነው። ከአዲስ አበባ የሚወርደው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 ከተጠናቀቀ ወዲህ ደግሞ አማርኛም ለከተማዋ ጆሮ እንግዳ አይደለም። እነዚህን ቋንቋዎች በአንድ ፋይል የሚመዘግብ ተመራማሪ ዛሬ የሚጠቀመው፣ ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡትን ዩቲኤፍ-8 የተባለ የአጻጻፍ ሥርዐት ነው። በዚህ ሥርዐት እ.ኤ.አ. በ1972 በላቲን ፊደል መጻፍ የጀመረው ሶማልኛ ለእያንዳንዱ ፊደሉ አንድ ባይት ይበቃዋል፤ የአፋርኛ መሠረታዊ የላቲን ፊደላትም እንዲሁ። የፈረንሳይኛው ባለጭረት ፊደልና የዐረብኛው ፊደል ሁለት ሁለት ባይት ይወስዳሉ። የአማርኛው ፊደል ግን ሦስት ባይት ነው። ስለዚህ በአንድ የቃላት ዝርዝር ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ቃላት ለዐይን እኩል ፊደል ቢኖራቸውም በማሽኑ ውስጥ ርዝመታቸው አንድ አይደለም። የአርታዒው ብያኔ የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው።

ወደ ፕሮግራሙ ከመግባታችን በፊት የተርሚናልን አሠራር በአጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። ተርሚናል የሚተየበውን በሁለት ስልት ያስተላልፋል። በመስመር ስልት፣ ጸሐፊው መስመሩን እስኪጨርስ ድረስ የተተየበው ሁሉ በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እጅ ይቆያል፤ ስረዛም የሚከናወነው እዚያው ስለሆነ ለፕሮግራሙ የሚደርሰው ያለቀለት መስመር ነው። በጥሬ ስልት ግን እያንዳንዱ ባይት እንደተተየበ ወዲያው ለፕሮግራሙ ይደርሳል፤ ማሳየቱም መሰረዙም የፕሮግራሙ ኃላፊነት ይሆናል። ኪሎ የሚሠራው በሁለተኛው ስልት ነው።

ኪሎን እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው፣ ሬዲስ በተባለው የመረጃ ቋት የሚታወቀው ጣሊያናዊው ፕሮግራም ጸሐፊ ሳልቫቶሬ ሳንፊሊፖ ነው። ኮዱ ከአንድ ሺህ መስመር ያነሰ ነው፤ ከሌላ የፕሮግራም ቤተ መጻሕፍትም አይበደርም። አዘጋጁ በጥቂት ሰዓታት እንደጻፈው ገልጾ፣ ሌሎች የራሳቸውን አርታዒ ለመሥራት መነሻ እንዲያደርጉት ጋብዟል። ግብዣው ሰሚ አግኝቷል፤ ተርሚናል እንዴት እንደሚሠራ ለመማር የሚፈልግ ሰው ዛሬም በቅድሚያ ከሚያነባቸው ጽሑፎች አንዱ ነው። ሒስ የሚገባውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በጎውን በማስቀደም፣ ኪሎ ተርሚናሉን ወደ ጥሬ ስልት የሚያዞርበት ክፍል ግልጽና ጥንቁቅ ነው። በዚያ ክፍል ከሚዘጋቸው ልማዶች አንዱ የእያንዳንዱን ባይት ስምንተኛ ቢት የሚቆርጠው የጥንት ልማድ ነው። የዚህ ጥቅም ለግእዝ ፊደል ተጠቃሚ ቀላል አይደለም። «ሀ» በዩቲኤፍ-8 የሚጻፈው 225፣ 136 እና 128 በሚሉ ሦስት ባይቶች ነው። ስምንተኛው ቢት ቢቆረጥ ከየቁጥሩ 128 ይቀነስና 97፣ 8 እና 0 ይቀራሉ። 97 የላቲኑ የመጀመሪያ ትንሽ ፊደል ነው፤ 8 የመሰረዣ ምልክት ነው፤ 0 ባዶ ነው። ይህም ማለት ፊደሉ ገና ሲገባ የላቲን ፊደል ይሆንና ወዲያው ራሱን ይሰርዛል። ኪሎ ይህን አደጋ አስቀድሞ ስለሚዘጋ ሦስቱም ባይቶች ሳይጎድሉ ይገባሉ። ችግሩ የሚጀምረው ከገቡ በኋላ ነው።

ከቁልፍ ሰሌዳ የሚመጣውን የሚቀበለው የኪሎ ክፍል ባይቱን አንድ በአንድ ያነባል። ይሁን እንጂ ሁሉንም ባይት በእኩል ዐይን አያይም። ጸሐፊው ወደ ላይ የሚያመለክተውን የቀስት ቁልፍ ሲነካ ተርሚናሉ የሚልከው 27፣ 91 እና 65 የሚሉ ሦስት ባይቶችን ነው። ኪሎ 27ን ሲያይ ቀጣዮቹን ይጠብቃል፤ ሦስቱን አሰባስቦም አንድ ቁልፍ ያደርጋቸዋል። ለቀስቶችና ለመሰሎቻቸው ከ1000 የሚጀምር፣ ማለትም በአንድ ባይት ሊያዝ የማይችል ቁጥር ሰጥቷቸዋል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሦስት ባይት አንድ ነገር ሊሆን እንደሚችል፣ ያ አንድ ነገርም ከባይት የሰፋ መታወቂያ እንደሚያስፈልገው ጠንቅቆ ያውቃል። የ«ሀ» ሦስት ባይቶች ሲመጡ ግን ይህን እውቀት ትቶ እንደ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ይቀበላቸዋል።

ፊደሉን አንድ አድርጎ መያዝ ከቀስቱ ይልቅ ከባድ ስለሆነ ነው እንዳይባል፣ ነገሩ በተቃራኒው ነው። 27 ራሱን የቻለ የማምለጫ ቁልፍም ሊሆን ስለሚችል ኪሎ የሚለየው በጊዜ ነው፤ በሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ውስጥ ተከታይ ካልመጣ ብቻውን ነው ብሎ ይወስናል። በዩቲኤፍ-8 ግን መገመት አያስፈልግም። የመጀመሪያው ባይት ስንት ተከታይ እንዳለው ራሱ ይናገራል፦ ከ194 እስከ 223 ከሆነ አንድ፣ ከ224 እስከ 239 ከሆነ ሁለት፣ ከ240 እስከ 244 ከሆነ ሦስት። ተከታዮቹም ምንጊዜም ከ128 እስከ 191 ባለው ወሰን ውስጥ ስለሚውሉ ከመሪው ባይት ጋር አይምታቱም። የዩኒኮድ የ«ሀ» ቁጥር 4608 ነው፤ ለቀስቱ 1000ን የያዘው ቦታ ይህንንም ያለ ችግር ይይዛል። እንግዲህ የጎደለው ዐቅም ሳይሆን፣ ፊደልም እንደ ቀስት አንድነት ሊሰጠው እንደሚገባ ማሰብ ነው።

ውጤቱን «ሰላም» በሚለው ቃል ላይ እንይ። ቃሉ ለአንባቢ ሦስት ፊደል፣ ለኪሎ ዘጠኝ ነው። ጠቋሚውን ከቃሉ መጨረሻ ወደ መጀመሪያው ለመመለስ የቀስቱ ቁልፍ ዘጠኝ ጊዜ መነካት አለበት። ፕሮግራሙ ባይቱን እንደ ዓምድ ስለሚቆጥር ጠቋሚው በማያው ላይ የሚቆመው ፊደሉ ካለበት ርቆ ነው። ሰማንያ ዓምድ ባለው ማያ፣ ክፍተት የሌለበት የአማርኛ መስመር ከ26 ፊደል በኋላ በ27ኛው መካከል ይቆረጣል። የመሰረዣው ቁልፍ አንድ ጊዜ ሲነካ የ«ም» ሦስተኛ ባይት ብቻ ይጠፋና 225 እና 136 ባለቤት አልባ ሆነው ይቀራሉ። በዚያው ፋይል ውስጥ ያለው ሶማልኛ ግን በዚህ ሁሉ አንዳች አይነካም። ለሶማልኛው የተሟላ የሆነው መሣሪያ ለአማርኛው ጽሑፍ አፍራሽ ነው።

ጉዳቱ ጸሐፊው ሲሳሳት ብቻ የሚደርስም አይደለም። በላቲን ቁልፎች ግእዝን ለመጻፍ የወጡት ስልቶች፣ ለምሳሌ በዳንኤል ያዕቆብና በይትና ፍርድይወቅ የተዘጋጀው ሴራ፣ ፊደሉን ከተነባቢና ከአናባቢ ያዋቅራሉ። ተነባቢው ሲተየብ ሳድሱ «ስ» ይወጣል፤ አናባቢው ሲከተል «ስ» ተነሥቶ በቦታው «ሰ» ይተካል። የቁልፍ ሰሌዳው ፕሮግራም ይህን የሚያደርገው የመሰረዣ ምልክት ወደ ተርሚናሉ በመላክ ከሆነ፣ ኪሎ የሚያነሣው ከ«ስ» ሦስት ባይቶች አንዱን ብቻ ነው። ጸሐፊው አንድም ስሕተት ሳይሠራ ከ«ሰ» በፊት ሁለት ስባሪ ባይቶች ይቀራሉ።

በመስመር ስልትም ተመሳሳይ ችግር አለ፤ እንዲያውም የከፋው ገጽታው የሚታየው እዚያ ነው። ሊኑክስ የሚሰረዘው ፊደል ከአንድ ባይት በላይ ሊሆን እንደሚችል የሚገልጸውን የተርሚናል ምልክት የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው 2.6.4 ከርነል ነው። ምልክቱ በርቀት ግንኙነት ከማሽን ወደ ማሽን እንዲተላለፍ የሚያስችለው የኤስኤስኤች ስምምነት የወጣው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ምልክቱ ባልተከፈተበት ተርሚናል የመሰረዣው ቁልፍ አንድ ጊዜ ሲነካ ከማያው ላይ አንድ ሙሉ ፊደል ይጠፋል፤ ከመስመሩ ላይ ግን የሚጠፋው አንድ ባይት ብቻ ነው። ጸሐፊው ንጹሕ መስመር እያየ ፋይሉ ውስጥ ስባሪ ይቀመጣል። ኪሎ ቢያንስ ስባሪውን ያሳያል፤ ይኸኛው ይደብቀዋል። የመስመሩ ወሰንም ቢሆን በባይት የተሰፈረ ነው፤ በሊኑክስ የመስመር ስልት የሚፈቀደው 4095 ባይት ለሶማልኛ 4095 ፊደል ሲሆን ለአማርኛ 1365 ፊደል ነው።

ይህ ለቋንቋ ባለሙያ ከመሣሪያ ብልሽት ያለፈ ነገር ነው። ስባሪ ባይት የገባበት ቃል በፍለጋ አይገኝም፤ በድግግሞሽ ቆጠራ ውስጥ ወይ ይዘለላል ወይ እንደ አዲስ ቃል ይመዘገባል። ብዙ ሚሊዮን ቃላት ባሉት የጽሑፍ ክምችት ውስጥ እንዲህ ያለው ጉድለት ላይታወቅ ይችላል። ጥቂት ሺህ ቃላት ብቻ በተሰበሰቡለት ቋንቋ ግን የአንድ ቃል ብቸኛ ምስክር ሊጠፋ ይችላል።

ለኪሎ ጥብቅና የሚቆም ሰው፣ ፕሮግራሙ ለማስተማሪያ የቀረበ ስለሆነ ማሳጠሩ ግድ ነው ሊል ይችላል። ክርክሩ ሚዛን አለው፤ ከአንድ ሺህ መስመር በታች ሁሉን ማሟላት አይቻልም። ሆኖም ኪሎ ለሲ ኮድ ቁልፍ ቃላት ቀለም የሚሰጥ ክፍል አለው፤ በፋይል ውስጥ ቃል የሚፈልግ ክፍልም አለው። ማሳጠር ምርጫ ነው፤ ምርጫም ቅድሚያ የተሰጠውን ያሳያል። ተከታይ ባይቶችን ለይቶ ወደ ኋላ መዝለል የሚጠይቀው ከእነዚህ ክፍሎች ያነሰ ቦታ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ በሲ አይቻልም የሚል ካለም ማስረጃው በተቃራኒው ቆሟል፦ እምብርቱ በሲ የተጻፈው ኢማክስ፣ በጃፓን ቱኩባ የተሠራውን የብዙ ቋንቋ ክፍል በ20ኛው ዕትሙ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲያካትት የግእዝ ፊደልን በሴራ መጻፍ ያስችል ነበር። ይህ የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከመግባቱ ከሁለት ዓመት በፊት መሆኑ ነው።

የችግሩ ሥር ከኪሎም ይቀድማል። የሲ ቋንቋ ለባይት የሰጠው የዓይነት ስም ቃል በቃል ሲተረጐም «ፊደል» ማለት ነው። ስሙ የተሰጠው ሁሉ ፊደል በአንድ ባይት ሊያዝ በሚችልበት የጽሕፈት ልማድ ውስጥ ነበር። ልማዱ ሲያልፍ ስሙ ቀረ፤ እያንዳንዱ ተማሪም ስሙን እንደ ብያኔ ይቀበለዋል።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ፣ ባይትን በዩኒኮድ ቁጥር መተካት ጥያቄውን ይዘጋዋል ማለት ግን አይደለም። አማርኛ ጥብቀትን በተለመደው አጻጻፉ አያሳይም፤ «ተናገረ» የሚለውና «ይገኛል» የሚለው ትርጕም ያላቸው ሁለት ቃላት «አለ» ተብለው በአንድ መልክ ይጻፋሉ። ተመራማሪ ሁለተኛውን «አለ፟» ብሎ በጥብቀት ምልክት ሲለየው፣ ምልክቱ የራሱ የዩኒኮድ ቁጥር አለው፤ የራሱ ዓምድ ግን የለውም። የመሰረዣው ቁልፍ ሲነካ መጥፋት ያለበት ምልክቱ ብቻ ነው ወይስ ከነፊደሉ? ጥብቀትን ለሚያጠና አንደኛው፣ ለተራ ጸሐፊ ምናልባት ሁለተኛው ይሻለዋል። ይህን ፕሮግራም ጸሐፊ ብቻውን ሊወስነው አይገባም።

«የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ነው» የሚለው ራሱ ከአማርኛ የተነሣ አባባል መሆኑንም ማስተዋል ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ዩኒኮድ 14.0 ለጉራጌኛ የተጨመሩት ፊደላት የተመደቡት ከፍ ባለው የቁጥር ክልል ስለሆነ አራት ባይት ይወስዳሉ። አርታዒውን ሦስት ሦስት ባይት እንዲሰርዝ ብቻ የሚያርም አማርኛ ተናጋሪ፣ ኪሎ በአማርኛ ላይ ያደረሰውን በጉራጌኛ ላይ ይደግመዋል። የሶማልኛ ኦስማንያ ፊደልም እንዲሁ ባለ አራት ባይት ነው።

ስለዚህ በክልሉ ቋንቋዎች ላይ የሚሠሩ ተቋማት መሣሪያን ከመቀበላቸው በፊት ሊፈትኑት ይገባል። ፈተናው ረጅም አይደለም፦ በአንድ መስመር ላይ የሶማልኛ፣ የፈረንሳይኛ፣ የዐረብኛና የአማርኛ ቃል፣ አንድ የጥብቀት ምልክትና አንድ አዲስ የጉራጌኛ ፊደል ጽፎ፣ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አንድ በአንድ መሰረዝ፤ በየእርምጃው ፋይሉን አስቀምጦ ባይቶቹን መቁጠር። ማያው የሚያሳየውና ፋይሉ የያዘው ከተለያዩ፣ በዚያ መሣሪያ የተሰበሰበ መረጃ ከመታተሙ በፊት እንደገና መመርመር አለበት። ኪሎን መነሻ አድርገው የራሳቸውን አርታዒ ለሚሠሩ ተማሪዎቻችን ደግሞ የመጀመሪያው የቤት ሥራ ሊሆን የሚገባው፣ ለቀስት የተሰጠውን አንድነት ለፊደልም መስጠት ነው።