ስም ቢሰረዝም

ጋምቤላ የምንሠራ ሐኪሞች ከባድ ኬዝ ሲገጥመን አዲስ አበባ ያለ ስፔሻሊስት እናማክራለን። የራጅ ፎቶ በቴሌግራም ግሩፕ ልኮ ምክር መቀበል ሕይወት ያተርፋል፤ ይቅር የሚል ቢኖር በጽኑ እቃወመዋለሁ። የሚያሳስበኝ አላላካችን ነው።

ስም ከሰረዝን ታካሚውን የሸሸግነው ይመስለናል። እዚህ ግን «የ40 ዓመት ወንድ፣ ከስደተኞች ካምፕ የመጣ፣ ዛሬ በአውሮፕላን ሪፈር የተጻፈለት» ማለት ስሙን ከመጥራት አይተናነስም። ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ትንሽ ነው። በረራ የሚጠብቀው መንገደኛ፣ ሻንጣ ጫኙ፣ ሾፌሩ፣ ሁሉም ቃሬዛው ላይ ያለውን ሰው አይተውታል፤ ቤተሰቡን የሚያውቅም አይጠፋም። የማያውቁት ሕመሙን ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ እኛ ግሩፕ ላይ እንጽፈዋለን። ስለዚህ ቀኑን፣ ካምፑንና ጉዞውን እተዋለሁ፤ መልስ ሰጪው ሐኪም አያስፈልጉትም።

ፊት ከሁሉ ይብሳል። በርካታ የኑዌር ወንዶች ግንባራቸው ላይ «ጋር» የሚባሉ ስድስት አግድም ጠባሳዎች አሏቸው፤ ለአቅመ አዳም የመድረስ ምልክት ናቸው። ዓይንን በጥቁር መሸፈን እነሱን አይሸፍንም። ቁስሉ አገጭ ላይ ከሆነ አገጩን ብቻ ቀርቦ ማንሳት ነው። የራጁ ጥግ ላይ የታተመው ስምና ካርድ ቁጥርም ይቆረጥ።

የኤችአይቪ ውጤት የባሰ ጥንቃቄ ይሻል። በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ የአገሪቱ ስርጭት 0.9 በመቶ ሲሆን የጋምቤላ 4.8 በመቶ ነበር፤ ውጤቱ ካርድ ላይ ደጋግሞ ያጋጥመናል ማለት ነው። ስለ እግር ስብራት ስንጠይቅ ምን ይሠራል? ለአንጎል ኢንፌክሽን ግን ያለ እሱ ምክር መስጠት አይቻልም፤ ያኔ ለአንድ ሲኒየር በግል ይላካል እንጂ ግሩፕ ላይ አይለጠፍም። ግሩፕ የገባ ፎቶ በማናውቃቸው ስልኮች ጋለሪ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል፤ እኛ ብናጠፋውም ከዚያ አይጠፋም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣትን ያስቀጣል፤ የተቀባዩ ሐኪም መሆን ብቻውን ነፃ ያወጣናል ብዬ አላምንም።

ከባዱ ፈቃድ መጠየቁ ነው። ኑዌርኛ ወይም አኙዋክኛ የማንችል ሐኪሞች በአስተርጓሚ እንጠይቃለን፤ አስተርጓሚው ደግሞ ብዙ ጊዜ አስታማሚው ራሱ ነው። ታማሚው አጎቱ ፊት «እሺ» ሲል ለእኔ ይሁን ለአጎቱ አይለይም። ቋንቋውን የምትችል ነርስ እስክትገኝ ፎቶው ይቆያል። ሕመሙ ጊዜ የማይሰጥ ከሆነም ያለ ፎቶ፣ ያለ ስም፣ ጥያቄዬን ብቻ ጽፌ እልካለሁ።