ግዙፍ የሚለው ቃል፤ በራያ ጨዋታ ስለሚወደስና ስለሚነቀፍ ገላ

የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 15 ቀን ተፈጽሞ በማግሥቱ የራያ ቆቦ ልጃገረዶች ሶለል ለመጫወት ይወጣሉ። በላስታ አሸንድዬ፥ በዋግ ሻደይ፥ በትግራይ አሸንዳ የሚባለውም ይኸው ነው፤ ስሙ እንደ አገሩ ይለዋወጣል እንጂ ልማዱ ተቀራራቢ ነው። ልጆቹ ጠጕራቸውን ተሠርተው፥ አዲስ ልብስ ለብሰው፥ የለመለመ ሣር በወገባቸው አስረው፥ ከበሮ እየመቱ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ፤ የሰጣቸውን ያመሰግናሉ፥ የነፈጋቸውን ይዘልፋሉ። ሊቃውንት የጨዋታውን ምሥጢር ሲተረጕሙ፥ አንድም ርግብ ለኖኅ ካመጣችለት ለምለም ቅጠል፥ አንድም የእስራኤል ቈነጃጅት የዮፍታሔን ልጅ በየዓመቱ አራት ቀን ከሚያስቡበት ልማድ፥ አንድም ከእመቤታችን ዕርገት ጋር ያያይዙታል። ይህ ትርጓሜ ራሱን የቻለ ሐተታ የሚሻ ስለ ሆነ እዚህ አይገባም፤ የዚህ ጽሑፍ ጕዳይ ግጥሙ ነው፤ ይልቁንም ግጥሙ ስለ ሴት ልጅ ገላ የሚናገረው።

ግጥሙ በራሱ መልካም ነው። አጭር ነው፥ ቤት ይመታል፥ ከከበሮው ጋር ይሄዳል፤ ግጥም አውጪዋም የቆመችበትን ደጅ እያየች ቃል የምታቀና ስለ ሆነች የቅኔ ተማሪ በመምህሩ ፊት የሚደነቅበትን ቅልጥፍና ያለ ትምህርት ይዛው ትገኛለች። ነገር ግን ሙገሳው ወደ ገላ በመጣ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ የተላለፉ ጥቂት ቃላትን ብቻ ደጋግሞ ይጠራል፤ አንገተ መቃ፥ ጥርሰ በረዶ፥ ተረከዘ ሎሚ፥ ወገበ ቀጭን። እነዚህን አራቱን ጠጋ ብሎ የመረመረ ሰው አንድ ነገር ያገኛል። አንገት መቃ አለው፥ ጥርስ በረዶ አለው፥ ተረከዝ ሎሚ አለው፤ ወገብ ግን ምሳሌ የለውም። መቃና በረዶ ሎሚም ሥዕል ናቸው፤ ቀጭን መስፈሪያ ነው። የአገራችን ግጥም ምሳሌ ፍለጋ ተራራ ለተራራ የሚዞር ሲሆን በዚህ አንድ ስፍራ ምሳሌውን ጥሎ ገመድ አነሣ።

ይህ ቀላል ነገር የሚመስለው አንባቢ ቢኖር አንዲት የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ያስብ። አባቷና እናቷ አጥንተ ሰፊ ናቸው፤ እርስዋም እንደዚያው። ዐሥራ አምስቱን ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾማለች። በሶለል ማለዳ ሣሩን ስታስር ለሌሎቹ የበቃው እስር ለእርስዋ አልዞር አለ፤ ሁለተኛ ተጨመረላት፤ ጓደኞቿ ሳቁ። ሳቁ የክፋት አይደለም፥ የሕፃንነት ነው። ከዚያም «ከበሮውን አንቺ ያዢ፥ ጕልበት አለሽ» ተባለች። ከበሮው ወገቧን ስለ ሸፈነላት ደስ አላት። ጎረቤት አሮጊት ግን ከደጃፍ ተቀምጠው «ይህ ጾም ላንቺ አልደረሰም እንዴ?» አሏት። በሚመጣው ዓመት ነሐሴ 16 ቀን ይህች ልጅ አሞኛል ብላ ከቤት ትቀራለች። ይህን ግጥም የሚነቅፍ ሰው የሚነቅፈው ስለዚህች ልጅ ነው።

የአሮጊቷ ንግግር ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ሰባቱን አጽዋማት የሚጾም ምእመን በዓመት ወደ 180 ቀን ይጾማል። ሰውነቱ የሞላ ጾመኛ ግን ከጾሙ ድካም በላይ ሌላ ፍርድ አለበት፤ ቀጭኑ ሳይጾም ጾመ ሲባል፥ እርሱ ጾሞ ፈታ ይባላል። ስለ ጾም የሚያስተምረው ወንጌል ጾመኛ ፊቱን እንዳያጠወልግ፥ ራሱን እንዲቀባና ፊቱን እንዲታጠብ ማዘዙን የሚያውቅ ሰው፥ ጾም በጕንጭ እንደማይለካ ሊስተው ባልተገባ ነበር። እንጀራና ሽሮ፥ ኑግና ተልባ አጥንት አያቀጥኑም፤ ጾምም የተሠራው ለዚያ አይደለም።

አሁን ወደ ቃሉ እንመለስ። በግእዝ ገዘፈ ማለት ወፈረ፥ ደነደነ ማለት ነው። በጉባኤ ቤት ግን ግዙፍ የሚለው ቃል ከረቂቅ ጋር እየተነጻጸረ ይነገራል፤ መላእክት ረቂቃን ናቸው፥ ነፍስ ረቂቅ ናት፥ ሥጋ ግን የሚታይ የሚዳሰስ ነውና ግዙፍ ነው። በዚህ አነጋገር ቀጭኑም ወፍራሙም እኩል ግዙፍ ነው። እንዲያውም የሥጋዌ ምሥጢር የሚነገረው ረቂቁ መለኮት ግዙፉን ሥጋ ተዋሐደ ተብሎ ስለ ሆነ ቃሉ የክብር ቃል ነው። ገበያው ግን ቃሉን ከሰው ሁሉ ላይ ገፎ ለጥቂት ሰዎች ብቻ አለበሳቸው፤ እነርሱ ብቻ ሥጋ ያላቸው፥ ሌላው ሁሉ መንፈስ የሆነ ይመስል።

ሌሎቹ ቃላትም እንዲሁ ናቸው። ድልብ ለበሬ ምስጋና ነው፥ ለሰው ስድብ ነው። ደንዳና ለምሰሶ መልካም ነው፥ ለልብ ክፉ ነው። ደልዳላ፥ ፈርጣማ፥ ጠብደል የሚባሉት ወንድን ያስከብራሉ፤ በእነዚህ አንጻር ግዙፍ ሴትን የሚያስከብር ቃል ቢፈለግ «ሞላ ያለች» ከሚለው ማለሳለሻ በቀር የሚገኘው ጥቂት ነው። ሕፃን ግን፥ ሴትም ብትሆን ወንድ፥ ድንቡሽቡሽ ትባላለች፤ ጕንጯ ይሳማል፥ ክንዷ ይቈነጠጣል። ይህ ምስጋና የሚያበቃበትን ቀን የሚነግራት ሰው የለም፤ እንዲሁ አንድ ቀን ታጣዋለች።

በግጥም ሕግ ወገብ የሚለው ቃል ቤት የሚመታባቸው ሁለት የታወቁ ቃላት አሉ፤ አንዱ ረኃብ ነው፥ አንዱ ጥጋብ ነው። የራያ ቆላ ሁለቱንም ያውቃል። ዝናም በደረሰለት ዓመት የቆቦ ሜዳ ማሽላውንና ጤፉን አሳፍሶ ሌላውን አገር ያጠግባል፤ ዝናም በቀረ ጊዜ ደግሞ የሆነው በዓለም ሁሉ ተሰምቷል። በ1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረኃብ በቴሌቪዥን አሳየ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ መሐመድ አሚን ሥዕሉን አንሥቶ፥ ማይክል በርክ ቃሉን ሰጥቶ፥ ከአላማጣ ሽቅብ ካለችው ከኮረም የተላከው ፊልም ዓለምን አስለቀሰ። ያ ሥዕል እህል አስመጥቷል፥ ነፍስ አድኗል፤ በዚህ ነቀፋ የለበትም። ነገር ግን ሥዕል ሥራውን ጨርሶ ወደ ሣጥኑ አይመለስም። ከዚያ ወዲህ በባዕድ አገር የወሎ ሰው ገላ ማለት አጥንት ማለት ሆነ፤ በኢትዮጵያውያን ቅጥነትም ብዙ ተቀለደ። ከዚያው አገር የወጣ ግዙፍ ሰው በባዕድ ዘንድ አገሩን የዋሸ ይመስላል።

በአገሩም ቢሆን መስፈሪያው ሁለት ሆነበት። ያንን ዘመን ያዩ ሽማግሌ የልጅ ልጃቸውን «ወፈርሽ» ሲሏት እግዚአብሔር ይመስገን ማለታቸው ነው፤ በሕይወት ተርፈሻል፥ ቤትሽ እህል አለ ማለታቸው ነው። እርስዋ ግን ቃሉን የምትሰማው በስልኳ ላይ ካየቻቸው ሥዕሎች ጋር አስተያይታ ነውና እንደ ስድብ ትቀበለዋለች፤ ማታ ራት አልበላም ትላለች። ሽማግሌው መርቀው ረገሙ። በክፉ ዓመት ደግሞ ይኸው ገላ ሌላ ክስ ያመጣል፤ አጥንተ ሰፊው ሰው ከጎረቤቱ ጋር እኩል ተርቦ ሳለ «የማንን በላህ?» የሚል ዐይን ያርፍበታል። ጥጋብ የሚለው ቃል ኅብር ነው፤ አንድም በልቶ መርካት፥ አንድም ትዕቢት። ግዙፉን ሰው የሚያዩት ሁሉ የመጀመሪያውን ከገላው አንብበው ሁለተኛውን በልቡ ይጽፉበታል። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከኢትዮጵያ ሴቶች ከ100 መካከል 22ቱ ከሚገባው በላይ ቀጭን፥ 8ቱ ከሚገባው በላይ ወፍራም መሆናቸውን አስታውቋል። ቀጭኑ በበዛበት አገር በወፍራሙ የሚስቅ ሰው ለድኻ የተሟገተ ይመስለዋል። ወፍራሟ ራሷ ድኻ ልትሆን እንደምትችል ግን አይታየውም።

የወንዱ ነገር በጥቂቱ ይበቃል፤ እርሱ በሽለላና በፉከራ ምስጋናውን ያገኛልና። ነገር ግን ምስጋናው ዕዳ አለበት። ገና በልጅነቱ ቁመት ያወጣ ልጅ «ይህን አክለህ ታለቅሳለህ?» እየተባለ ያድጋል፤ ከእኩዮቹ ሸክም የእርሱ ይከብዳል፥ ከጥፋታቸውም የእርሱ ይብሳል። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላ ይህ ነገር ጨዋታ መሆኑ ቀረ። አዋጁ ከ18 ዓመት ጀምሮ ይላል፤ የልደት ወረቀት በሌለበት ገጠር ግን ዕድሜ የሚታወቀው በዐይን ነበርና፥ ለዕድሜው የገዘፈ ልጅ ቁመቱ መሰከረበት። ለሽለላ የተመቸ ትከሻ ለአፈሳም የተመቸ ነበር።

በኤውሮጳም መስፈሪያ ማበጀት የቆየ ልማድ ነው። ዛሬ በየሐኪም ቤቱ ክብደትን በቁመት ካሬ እያካፈለ ሰውን የሚመድበውን ስሌት ያወጣው በ1830ዎቹ የኖረው የቤልጂግ ተወላጅ አዶልፍ ኬትሌ ነው። ይህ ሰው ሐኪም አልነበረም፥ የከዋክብትና የቍጥር ሊቅ ነበር፤ የፈለገውም የብዙ ሰው አማካይ ምን እንደሚመስል ማወቅ እንጂ አንዱን ሰው ለብቻው መመርመር አልነበረም። ስሌቱ አሁን የሚጠራበትን ስም ያገኘው በ1972 በኤውሮጳውያን አቈጣጠር ከአሜሪካዊው አንሰል ኪስ ነው። ከ25 በላይ ወፍራም፥ ከ30 በላይ እጅግ ወፍራም የሚለው ድንበርም በኋላ የተበጀ ነው። እንግዲህ ለሕዝብ የተቈረጠው ልብስ ለአንድ ሰው በግድ ሲለበስ፥ በራያ ደጅ በሣር እስር የተደረገው በወረቀት ተደረገ ማለት ነው። በ1990 በዚያው አቈጣጠር አልበርት ስታንካርድና ጓደኞቹ ተለያይተው ያደጉ 93 ጥንድ መንትዮችን መርምረው፥ እነዚህ መንትዮች አንድ ማዕድ ሳይቈርሱ በሰውነት ስፋት እጅግ ተመሳስለው መገኘታቸውን አሳተሙ። ሰው ገላውን በአብዛኛው የሚቀበለው እንደ ዐይኑ ቀለም ከወላጆቹ ነው። ስኳርና የደም ብዛት የሚያመጣ ውፍረት መኖሩ እውነት ነው፤ እርሱን ግን ሐኪም በደም መርምሮ ይናገራል እንጂ ግጥም አውጪ ከበር ቆማ አትናገረውም።

መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ነገር ከዘፋኙ ይልቅ ይጠነቀቃል። ሳኦል ከሕዝቡ ሁሉ በትከሻው ከፍ ያለ መሆኑ ተጽፏል፤ መንግሥቱ ግን በቁመቱ አልጸናለትም። ሳሙኤል ነቢይ ሳይቀር የኤልያብን ቁመና አይቶ ሊቀባው አሰበና ከእግዚአብሔር ተከለከለ። የሞዓብ ንጉሥ ዔግሎም እጅግ ወፍራም እንደ ነበረ መጽሐፈ መሳፍንት ይነግረናል፤ ብዙ ሰባኪ ይህን ሲያነብ ውፍረቱን ኃጢአቱ ያደርገዋል። ንባቡን በማስተዋል ላየው ግን ኃጢአቱ እስራኤልን 18 ዓመት መግዛቱ ነው፤ ስቡ የተጠቀሰው የናዖድ ሰይፍ እስከ እጀታው ድረስ እንዴት እንደ ተዋጠ ለመናገር ነው። የታሪክ ጸሐፊው ለነገሩ ያስፈለገውን ያህል ተናግሮ አለፈ፤ ሰባኪው ግን አላለፈም።

የአገሩ ባለቅኔዎች ስፋትንና ውፍረትን ማመስገን አይችሉም እንዳይባል፥ በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራራ ቆሟል፤ ማንም ቀጭን ሁን ብሎት አያውቅም። ዋርካ በግንዱ ስፋት ይመሰገናል፥ ግመል በጀርባው፥ ሰንጋ በጫንቃው። ያገር ልብስም እንዲሁ ለጋስ ነበር፤ ጋቢውና ኩታው፥ ሰፊው ቀሚስና ረጅሙ መቀነት ቀጭኑንም ወፍራሙንም እኩል ያለብሱ ነበር። ወገብ ላይ የሚጠብ ቀሚስ መሰፋት የጀመረው በቅርብ ነው፤ ልብስ ሰፊዎቹም ከግጥሙ የተማሩ ይመስላሉ።

የሶለል ግጥም በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ በየዓመቱ ከአፍ ይወጣል፥ በየዓመቱም ይለወጣል። የዘንድሮዋ ግጥም አውጪ የአምናዋን ቃል እንድትደግም የሚያስገድዳት መምህር የለባትም። ነሐሴ በቆቦ ሜዳ ማሽላው ቁመት የሚያወጣበት ወር ነው፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ከሰው ራስ በላይ ይቆማል። ቀጭኑን አገዳ ነፋስ ያጋድመዋል፤ አገዳው የወፈረው ራሱን ተሸክሞ ይቆማል፥ ገበሬውም ለዘር የሚመርጠው ከእርሱ ነው። ልጃገረዶቹ ከበሮአቸውን ይዘው ከቤት ወደ ቤት ሲያልፉ በዚህ ማሽላ መካከል ነው የሚያልፉት።