ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው?

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። ስለ አንተ የሚወራውን አገር ሁሉ ሲሰማ አንተ ብቻ አትሰማም ለማለት ነው። ተረቱ ለጤነኛ ሰው ልክ ነው። ኮማ ውስጥ ለገባ ሰው ግን አንዳንዴ ይገለበጣል። እጅ፣ እግር፣ አንደበት ሁሉ ሲከዱት አብሮት የሚቀረው ዘመድ ጆሮው ሊሆን ይችላል። እኛ ደግሞ ይህን ዘመድ የምናስተናግድበት መንገድ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያሳፍራል።

በሽተኛ በመጠየቅ አንታማም። ካዛንቺስና ቂርቆስ ያደገ ሰው ያውቀዋል። እገሌ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ ከተባለ እድርተኛው፣ ማኅበርተኛው፣ የጓሮ ጎረቤቱ ብርቱካኑን በፌስታል አንጠልጥሎ ይተማል። ጣጣው የሚጀምረው አልጋው አጠገብ ከቆምን በኋላ ነው። «ውይ! አለቀለት በሉኛ!» ትላለች አንዷ ከንፈሯን እየመጠጠች። «ይኼ እንግዲህ ቢተርፍም ሰው አይሆንም» ይላል ሌላው። ሐኪሙም እግርጌ ቆሞ ለቤተሰቡ «ብዙ ተስፋ የለውም» ይላል። ጥቂት ቆይቶ ወሬው ወደ ንብረት ይዞራል። የቤቱ ካርታ በማን ስም ነው? ባንክ ያለው ገንዘብስ? ለመሆኑ ተናዟል? ይኼ ሁሉ ሲባል ሰውየው የተጋደመው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው።

የሚገርመው መርዶ ላይ ያለን ጥንቃቄ ነው። ሰው የሞተበትን ሰው ወሬው እንዳይደርሰው ደብቀን፣ ዘመድ አሰባስበን፣ ጎህ ሲቀድ ቀስ ብለን የምናረዳ ሕዝቦች ነን። ለቋሚው የሌላውን ሞት እንዲህ በጥበብ እየነገርን፣ ለተኛው የራሱን ሞት ጆሮው ላይ እንዘረግፍበታለን። ምክንያታችን አንዲት ቃል ናት፦ «አይሰማም»።

አይሰማም ያለን ማነው? እርግጥ ነው፣ ኮማ ውስጥ ያለ ሰው ዓይኑን አይገልጥም፣ ቢጠሩት አይመልስም፣ ቢቆነጥጡት አይነቃም። ብዙዎቹ ሲነቁም የሚያስታውሱት ነገር የለም። አንዳንዶቹ ግን፣ በተለይ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል የወጡት፣ ታስሬ ነበር፣ ታፍኜ ነበር፣ ሲያሳድዱኝ ነበር ይላሉ። የጉሮሮው ቱቦ፣ የማደንዘዣው መድኃኒትና በዙሪያቸው ያለው ድምፅ ቅዠታቸው ውስጥ ገብቶ ሌላ ታሪክ ይሠራል።

ሳይንሱም ቢሆን «አይሰማም» ማለቱን ትቷል። በ2006 እ.ኤ.አ. አድሪያን ኦወን የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ እንግሊዝ አገር አንዲት የ23 ዓመት ወጣት መረመሩ። በመኪና አደጋ አንጎሏ ተጎድቶ ዓይኗን ከመግለጥ በቀር ለምንም ነገር ምላሽ የማትሰጥ ነበረች። የአንጎልን እንቅስቃሴ በሚያሳይ መሣሪያ ውስጥ አስገብተው «ቴኒስ ስትጫወቺ አስቢ» አሏት፤ ቀጥለው «ቤትሽ ውስጥ ከክፍል ክፍል ስትዘዋወሪ አስቢ» አሏት። አንጎሏ ልክ እንደ ጤነኛ ሰው አንጎል ታዘዘ። በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመ ሰፋ ያለ ጥናት ደግሞ ሲታዘዙ ምንም ከማያሳዩ 241 ሕሙማን መካከል 60ዎቹ፣ ከአራት አንዱ ማለት ነው፣ በአንጎላቸው ትእዛዝ ሲከተሉ አግኝቷል። ለቤተሰብ የውሸት ተስፋ ልሸጥ አይደለም፤ የቀሩት ሦስት እጅ በዚያ ምርመራ አልመለሱም። ብቻ የትኛው እንደሚሰማ ብርቱካን ይዞ የመጣ ጠያቂ በዓይኑ ለይቶ አያውቅም።

ነገሩ በተራው ሰው ቤት ብቻ የሚደርስ እንዳይመስለን፣ ከካዛንቺስ ቀና ብለን ትልቁን ግቢ እንይ። አፄ ምኒልክ ኮማ ውስጥ ነበሩ ማለቴ አይደለም። ነገር ግን በጥቅምት 1902 ዓ.ም. የመታቸው ከባድ ስትሮክ አካላቸውንም አንደበታቸውንም ያዘው። ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ድረስ፣ አራት ዓመት ሙሉ፣ አሉ እየተባለ እንደሌሉ ተቆጠሩ። በመጋቢት 1902 እቴጌ ጣይቱ ከሥልጣን ተገለሉና ባልዎን ያስታምሙ ተባሉ። እንደራሴው ራስ ቢትወደድ ተሰማ በ1903 ሞቱ። ልጅ ኢያሱና መኳንንቱ የአልጋውን ነገር ሲጎትቱ ባለ አልጋው በሕይወት ነበሩ። ሲሞቱም ሞታቸው ለሕዝብ በይፋ ሳይታወጅ ተደበቀ። ማን እንደተሾመ፣ ማን እንደተሻረ እስኪሰለቸን ተጽፏል። የተኙት ሰውዬ ምን ይሰሙ ይሆን ብሎ የሚጠይቅ ግን ብርቅ ነው።

ዛሬም ያው ነን። ሰውየው ከነቃ ደግሞ ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። «ሰማይ ቤት እንዴት ነው? እገሌን አየኸው?» ብለን እናፋጥጠዋለን። ምንም አላየሁም ካለ የደበቀን ይመስለናል፤ ያስፈራውን ቅዠት ከተናገረ «ጠበል ውሰዱት» እንላለን። «እኛ ስናወራ የነበረውን ሰምተህ ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። መልሱን ስለምንፈራ ይሆናል።

የዛሬው ችግር ደግሞ ሌላ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማት ሰፊው የካዛንቺስ ክፍል ፈርሶ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎችም የከተማዋ ዳርቻዎች ሄዷል። ድሮ በእግሩ መጥቶ አልጋው ሥር የሚቆመው ጎረቤት ዛሬ ታክሲ ሁለት ሦስቴ መቀያየር አለበት። የለመዱት ድምፅ ሲርቅ፣ የቀሩት ጥቂት ጠያቂዎች የሚናገሩት እያንዳንዱ ቃል ይከብዳል።

የሚጠየቀው ሙያ የሚፈልግ ነገር አይደለም። ስንገባ ስሙን እንጥራ፤ ማን እንደሆንን እንንገረው። ቀኑን፣ የት እንዳለ፣ ልጆቹ ምን እንደሚሠሩ እናውራለት። ሐኪሙም ሲነካው «እጅህን ላነሳው ነው» ቢለው የሚጎድልበት የለም። ካልሰማን የከሰርነው ትንሽ ትንፋሽ ነው። ከሰማን ግን፣ በዚያ ጨለማ ውስጥ ሰው እንዳለው አወቀ ማለት ነው። ስለ ቤቱ ካርታ መነጋገር የግድ ከሆነብን፣ ሆስፒታሉም ኮሪደር አለው፤ ወጣ ብለን እንነጋገር።