ከላቻ አይሸጥም

ሥራዬ የጌም ገጸ ባሕርያትን ማልበስ ነው። ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ ሶፍትዌር ላይ አካሉን ካቆምኩ በኋላ ልብሱን አለብሰዋለሁ፤ ከዚያ ገጸ ባሕርዩ ሲራመድ ጨርቁ እንዴት እንደሚወድቅ አያለሁ። የቦረና ኦሮሞ ሽማግሌዎች ነጭ የጥጥ ልብስ ፈታኝ ነው። የኮንሶ ሸማኔዎች ለቦረና ይሸጡት የነበረው ዓይነት ወፍራም ጥጥ ከሆነ ክብደቱ ከፍ ማለት አለበት፤ ካልሆነ እንደ ሐር ይበርራል። ደግሞም ቁልፍ የለውም። ትከሻ ላይ የሚያቆየው የሰውየው አያያዝ ነው። ስለዚህ ሊንሸራተት ሲል በእጁ ሰብሰብ የሚያደርግባትን ያችን ትንሽ እንቅስቃሴ ለብቻዋ እሠራለሁ። እሷ ከሌለች ልብሱ ባዕድ ነው።

ይህ በትዕግሥት ይፈታል። የሚከብደው ማን ይልበሰው የሚለው ነው። ጌም ውስጥ «ስኪን» የሚባለውን ልብስ የከፈለ ሁሉ ለፈለገው ገጸ ባሕርይ ያለብሰዋል። ግንባር ላይ የሚታሰረው ከላቻ ግን ቃሉ ለሚባሉት የሃይማኖት መሪዎችና በገዳ ሥርዓት ማዕረግ ላላቸው የተለየ ነው። ሲንቄም ሴት ስታገባ የምትይዛት በትር ናት፤ ላላገባች ልጅ ካስያዝናት ቅርጿ የቱንም ያህል ቢያምር ውሸት ነው።

ስለዚህ ከልብሱ በፊት ሕጉን እጽፋለሁ። ዩኔስኮ በ2016 እ.ኤ.አ. በቅርስነት የመዘገበው ገዳ ራሱ ደረጃ አለው፤ ሥልጣን የሚተላለፈው በየ8 ዓመቱ ነው። ደበሌ የሚባሉት ወንዶች ልጆች ጠጉራቸው ሳይላጭ እንደ ሴት ልጅ ያድጋል፤ የሚላጩት ከዚያ ደረጃ ሲወጡ ነው። ተጫዋቹ ጠጉሩን አይቶ የልጁን ደረጃ ማወቅ አለበት። ይህን በገንዘብ መዝለል የሚቻልበት ጌም፣ ለእኔ፣ የቦረና ጌም አይደለም።

የጦር ስትራቴጂ ጌሙ «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 3» በ2021 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን ሲያስገባ ጦሩ ከላይ ስለሚታይ ልብሱ እግረኛውን ከፈረሰኛው ከለየ ይበቃ ነበር። በዚያ አልፈርድም። ታሪክ የሚተርክ ጌም ግን ፊት ለፊት ያሳያል። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው «ኔቨር አሎን» ከአላስካ ኢኑፒያት ሽማግሌዎችና ተራኪዎች ጋር አብሮ የተሠራ ነው፤ የምመኘው እንዲህ ያለውን አሠራር ነው።

በብዙ ጌሞች ገጸ ባሕርይ ሲሞት ዕቃው መሬት ላይ ይወድቃል፤ ያገኘው ያነሣዋል። ከላቻን ከሚወድቁት ዕቃዎች ዝርዝር አውጥቼዋለሁ። ከባለቤቱ ሞት በኋላ ወደ ማን እንደሚያልፍ የሚወስነውን ክፍል ባዶ ትቼዋለሁ፤ እሱን ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ሳይነግሩኝ አልሞላውም።