መካነ ሰላም የሌለችበት ጨረቃ

ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ ምሽት ጨረቃ ሙሉ በሙሉ ተጋርዳ ነበር። ከምሽቱ 2፡30 እስከ 3፡52፣ ለ82 ደቂቃ ያህል፣ የምድራችን ጥላ ውስጥ ገብታ ቆየች። የክረምት ደመና ያልከለከለው ሁሉ አንጋጦ አየ። ከዚያ በኋላማ ምን ልበላችሁ፣ ስልካችን ሁሉ ጨረቃ በጨረቃ ሆነ! የዛሬው ጨዋታዬ ታዲያ ስለ ግርዶሹ ሳይሆን ስለ ፎቶዎቹ ነው።

እስቲ ልብ ብላችሁ እዩዋቸው። ዙሪያው ጥቁር፣ መሐሉ ላይ እንደ በሰለ ብርቱካን የቀላች ክብ ነገር፣ ከሥሩ ደግሞ «ከከተማችን ሰማይ» የሚል ጽሑፍ። ከተማው መካነ ሰላም ነው እንበል። እሺ፣ መካነ ሰላም የታለች? ጨረቃ እንደሆነች ለናይሮቢም ለዱባይም የምታሳየው ያንኑ ፊቷን ነው። ፎቶውን ሞልታ ብቻዋን የምትታይ ጨረቃ የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ በሏት፤ መልክ እንጂ አድራሻ የላትም። አድራሻ የሌለውን ነገር ደግሞ ማንም ከየትም አምጥቶ «የኔ ነው» ቢል ከልካይ የለውም።

«ምን ችግር አለው? ጨረቃ ያው ጨረቃ ናት» የሚል አይጠፋም። ችግርማ አለው። ፎቶ ምስክር ነው የምንለው የቆመበትን ቦታና ሰዓት ስለሚናገር ነው። አንድ ሰው «መካነ ሰላም ቆሜ፣ ግርዶሹ መሐል ላይ ሳለ፣ ከዓባይ ሸለቆ በላይ አነሣኋት» ቢላችሁ አትመኑት። ዓባይ ከቦረና በስተ ምዕራብ ነው፤ ጨረቃ ደግሞ የዚያን ዕለት ማታ በሦስት ሰዓት በስተ ምሥራቅ፣ ወደ ለጋምቦ በኩል ነበረች። ይህንን ለማወቅ ሳይንቲስት መሆን አያስፈልግም፤ ማታ ከብት የሚያስገባ እረኛ ያውቀዋል። አድራሻ ያለው ፎቶ እንዲህ ይመረመራል። አድራሻ የሌለውን ግን በምን ትይዙታላችሁ?

ለፎቶ አንሺዎቻችን ፍርድ እንዳላጓድል፣ ሥራው ከባድ ነው። ሙሉ ጨረቃ የምድር ጥላ ውስጥ ስትገባ ብርሃኗ ከአሥር ሺህ ጊዜ በላይ ሊቀንስ ይችላል። ቅድም በሰከንድ 250ኛ እጅ የተነሣችው ጨረቃ አሁን አንድ ሰከንድና ከዚያም በላይ ትፈልጋለች፤ ለዚህ ደግሞ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ የግድ ነው። እሷም ቆማ አትጠብቅም፤ በሁለት ደቂቃ ገደማ የራሷን ስፋት ያህል ትሄዳለች። ስልክ የተባለው እንደሆነ ጨለማውን ሁሉ ላብራ ብሎ ጨረቃዋን አምፖል ያደርጋታል። በዚያ ላይ ወሩ ደመና የማይለየው ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ግጭት በገባበት የአማራ ክልል፣ በጨለማ ረጅም ጥቁር ሌንስ በሦስት እግር ላይ ተክሎ ሜዳ ላይ መቆም ጨዋታ አይደለም። ከሩቅ የሚያይ ሰው ሌላ ነገር ቢመስለው አይፈረድበትም። ስለዚህ ፎቶው ደብዝዟል፣ ተንቀሳቅሷል ብዬ ማንንም አልወቅስም። የምወቅሰው የራሱ ደብዛዛ ፎቶ አሳፍሮት የሌላውን ጥርት ያለ የሚለጥፈውን ነው።

አሁን ደግሞ ስልኩ ራሱ መቀባት ጀምሯል። በአውሮፓውያኑ 2023 አንድ ሰው ሆን ብሎ ያደበዘዘውን የጨረቃ ምስል ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ በሳምሰንግ ስልክ ቢያነሣው፣ ስልኩ በምስሉ ላይ ያልነበረ ዝርዝር ጨምሮ አወጣለት። ኩባንያውም በሰው ሠራሽ አስተውሎት ዝርዝሩን እንደሚያጎላ አስረድቷል። እንግዲህ ያነሣነው ያየነውን ይሁን ስልኩ የሚያውቀውን መለየት ሊያቅተን ነው።

ሌላም ቅሬታ አለኝ። ሁሉም ቀይዋን ብቻ ይመርጣል፤ ግማሽ የተገመጠችው ተመልካች የላትም። ትምህርት ያለው ግን እሷ ላይ ነው። የጥላው ጠርዝ ክብ ነው፤ አርስቶትል ምድር ክብ ናት ብሎ የተከራከረው ይህንኑ ጠርዝ ይዞ ነበር። ቅላቱም ቢሆን ከየትም አልመጣም፤ የዓለም ንጋትና ምሽት ሁሉ ብርሃን በአየራችን አልፎ፣ ታጥፎ ጨረቃዋ ላይ ሲያርፍ ነው። ይህንን ለተማሪ ለማሳየት አምስት ስድስት ተከታታይ ፎቶ ከአንድ ቦታ ማንሣት ይበቃል። ቀይዋን ብቻ ያየ ልጅ ግን ተደንቆ ብቻ ይቀራል።

እኔ የምናፍቀው ፎቶ ምን መሰላችሁ? ከታች የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ወይም ደግሞ የቦረና ሳይንት ፓርክ አስታ ዛፍ ጥላ፣ ከላይ ትንሽ ቀላ ያለች ነጥብ። ወሎ ነውና ሰዎቹም አይቅሩ። ግርዶሽ ሲሆን ሙስሊሙ ለሰላተል ኹሱፍ ይቆማል፤ ክርስቲያኑም «እግዚኦ» ይላል። ካሜራው ሁሉ ወደ ላይ ሲዞር ይህንን ማን ያስቀርልን? ሰዎቹ ከፈቀዱ፣ ያ ፎቶ ከዱባይ ሊመጣ አይችልም።

ደግነቱ ሌላ ዕድል አለ። ታኅሣሥ 22 ቀን 2021 ዓ.ም. ማታ ከ1፡16 እስከ 2፡28 ጨረቃ እንደገና ሙሉ በሙሉ ትጋረዳለች። ወሩ በጋ ነው፣ ሰማዩም የመጥራት ዕድሉ ሰፊ ነው። በዚያ ሰዓት ጨረቃዋ ገና ከምሥራቅ ዝቅ ብላ ስለምትሆን ተራራውንም ቤቱንም አንድ ላይ ማስገባት ይቻላል። ያኔ የሚነሣው ፎቶ ደብዛዛ ቢሆንም ግድ የለም። ብቻ መካነ ሰላም ትኑርበት፤ ሰላሙንም ያምጣልንና አንሺው በጨለማ ሳይፈራ ይቁም።