የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልምና መዘርዝሩ

እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ 9,000 ያህል ብራናዎችን በፊልም አስቀርቷል። ዊሊያም ማኮምበርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ያዘጋጁት መዘርዝርም እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1993 በ10 ጥራዞች ታትሟል። የየብራናውን ይዘት፣ ዘመንና መገኛ ለይቶ ማስፈሩ የሚያስመሰግነው ነው።

ይሁን እንጂ ጥራዞቹ ከ5,000ኛው ቁጥር አያልፉም፤ ማብራሪያቸውም በእንግሊዝኛ ነው። ዛሬ ብዙዎቹ ፊልሞች ወደ ዲጂታል ምስል ተለውጠዋል። ሆኖም በሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ የሚያስተምር የታሪክ መምህር ለክፍሉ የሚሻውን ገጽ ለይቶ ለማግኘት መቸገሩ አይቀርም።

ምስል ብራናውን ከጥፋት ያድናል፤ ለትምህርት የሚያበቃው ግን በአማርኛ የተሰናዳ መዘርዝር ነው። ስለዚህ የዕቅድ አውጪዎች ለምስሉ በጀት ሲመድቡ ለመዘርዝሩም አብረው ሊመድቡ ይገባል።