ሦስተኛው ምርጊት

የጭቃ ቤት ጥሩ እጅ እንዳረፈበት ማወቅ የፈለገ ሰው የግድግዳውን መሃል አይመልከት። መሃሉ ለጥ ያለ ስለሆነ ማንም ያስተካክለዋል። ማየት ያለበት የመስኮቱን የታች ጥግ፣ መቃኑና ጭቃው የሚገናኙበትን መስመር፣ ከመሬት እስከ አንድ ክንድ ያለውን የግድግዳ እግር ነው። ግድግዳ የሚሰነጠቀው፣ የሚላጠውና ውሃ የሚጠጣው እነዚህ ቦታዎች ላይ ነው። መራጊዋ ቸኩላ ይሁን ታግሣ የሚለየውም እዚያ ነው።

ከወረታ ተነስቶ ወደ አዲስ ዘመን ከተማ የሚጓዝ ሰው በግራው እስከ ጣና የተዘረጋውን የፎገራ ሜዳ፣ በቀኙ ተራራውን ይዞ ይሄዳል። አዲስ ዘመን ሲቃረብ በስተምሥራቅ የጣራ ገዳም ደን ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ዙሪያው ታርሶና ተመንጥሮ ሳለ ወይራውና ጥዱ እዚያ የቆዩት ገዳሙ ስለጠበቃቸው ነው። በዚህ ተራራ ግርጌ ካየኋቸው ቤቶች አንዱ ከዓይኔ አልጠፋም። ቆርቆሮው ተራ ቆርቆሮ፣ በሩም ተራ ጣውላ ነው። ግድግዳው ግን የባለሙያ ነው። የመስኮቱ ጥግ ሹል አይደለም፤ በአውራ ጣት ተጠማዝዞ ክብ ብሏል፣ ሹል ጥግ ቶሎ ስለሚሸረፍ። ጭቃው መቃኑ ጫፍ ላይ አይቆምም፤ ከእንጨቱ ኋላ ገብቶ ነክሶታል። የጠዋት ፀሐይ በጎን ስትመታው የመዳፍ ዱካ ይታያል። እያንዳንዱ ጭረት ከታች ወደ ላይ ተቀስቶ የጎረቤቱን ጫፍ ይሸፍናል፤ የጭዱ ጫፎችም ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ተኝተዋል።

ግድግዳውን የመረጉት የቤቱ እመቤት ናቸው፤ ሲመርጉም አይቻለሁ። በዚህ አገር እንጨቱን ማቆም፣ ማገር መምታት፣ ጣራ ማልበስ ብዙውን ጊዜ የወንዶች ሥራ ነው፤ ምርጊቱና ልቅለቃው የሴቶች ነው። አናጢው በስሙ ሲጠራ መራጊዋ ባለሙያ ተብላ አለመቆጠሯ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ዝናብና ፀሐይ በየዓመቱ የሚፈትኑት የእሷን ሥራ ነውና።

ሙያው የሚጀምረው ከአፈሩ ነው። የፎገራ ሜዳ ዋልካ ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። መሬት ላይ እንዲህ የሚሆን አፈር ግድግዳ ላይም እንዲሁ ይሆናል። ስለዚህ ከተራራው ግርጌ የሚወጣ ቀይ አፈር ይመረጣል። ዋልካ ብቻ ያለው ሰው ደግሞ አሸዋ ይቀላቅልበታል፤ ወንዞቹ ርብና ጉማራ አሸዋ አያሳጡም። አፈሩን ለመፈተን አንድ የመስታወት ጠርሙስ ይበቃል። ሲሶውን አፈር፣ የቀረውን ውሃ ሞልቶ በደንብ መናጥና ማስቀመጥ ነው። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፣ ደለሉ ቆይቶ፣ ሸክላው ከሁሉ በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ። የላይኛው የሸክላ ሽፋን ወፍራም ከሆነ ያ አፈር ብቻውን ግድግዳ ላይ መውጣት የለበትም። ቀጥሎ መዳፍ መዳፍ የሚያህሉ ሦስት አራት ቦታዎች ላይ የጭዱን መጠን እየለያዩ መምረግ፣ ማድረቅ፣ ያልተሰነጠቀውን መምረጥ። በዚህ ሥራ ለሁሉም ቤት የሚሠራ ልክ አለ ብሎ የሚናገርን ሰው አላምንም።

ጭዱ የጤፍ ሲሆን ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ ከጭቃው ጋር ይዋሃዳል። ፎገራ በ1970ዎቹ ሩዝ ከገባበት ወዲህ የሩዝ አገር ሆኗል፤ ኤክስ ጅግና የሚባለውን ዘር የማያውቅ ገበሬ የለም። የሩዝ ገለባም በየደጁ ተከምሯል። ገለባው ጠንካራና ቶሎ የማይበሰብስ ነው፤ ግን ሻካራ ስለሆነ አጥሮ መቆረጥ አለበት፣ ለመጨረሻውም ምርጊት አይሆንም። በማሊ የጄኔ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1907 ዛሬ ባለው መልኩ የቆመው ታላቁ የጭቃ መስጊድ በየዓመቱ በከተማው ሕዝብ እንደገና ይመረጋል። የዚያ አገር ግንበኞች ጭቃቸውን ከሩዝ ገለፈት ጋር ቀላቅለው እስኪብላላ ያስቀምጡታል። የእኛዎቹ እናቶችም ጭቃውን በእግር ረግጠው፣ ውሃ እየጨመሩ፣ ሽታው እስኪለወጥ ቀናት ያሳድሩታል። ጭዱ መበስበስ ሲጀምር የሚለቀው ነገር ጭቃውን ያጣብቀዋል። ሽታውን ጠልቶ በዕለቱ የሚመርግ ሰው የግድግዳውን ዕድሜ ያሳጥራል።

ከዚያ ሦስቱ ምርጊቶች ይመጣሉ። የመጀመሪያው ወፍራም ነው፤ ከውስጥም ከውጭም በማገሩ መካከል እየተጠቀጠቀ ይገባል። ሲደርቅ መሰንጠቁ አያስደነግጥም፣ ስንጥቁ ለሁለተኛው መያዣ ይሆነዋል። ሁለተኛው ቀጠን ብሎ ጎድጓዳውን ይሞላል። እመቤቲቱ ሁለተኛውን ጨርሰው በተቀመጡበት ልጃቸው የመጨረሻውን ጭቃ በገበታ ይዛ መጣች። «እማ፣ እጅ አይዝም እኮ፣ ደርቋል» አለች። እሳቸው ጥጉን በጣታቸው ጫፍ ነካ አድርገው፣ «ላዩ ነው የደረቀው ልጄ፤ ሆዱ እርጥብ ነው። አሁን ከደረብሽበት ሁለቱም ይከዱሻል» አሏት። ገበታው ተመለሰ።

ሦስተኛው ምርጊት የሙያው ጫፍ ነው። በወንፊት የተነፋ ቀይ አፈር፣ ትኩስ እበት፣ የተነፋ አመድ፤ ውፍረቱ ከጥፍር ብዙም አይበልጥም። በእበቱ ውስጥ ከብቷ አላምጣ ያደቀቀችው ሣር አለ፤ ሰው በቢላ ሊያደርሰው የማይችል ቀጭን ጭረት ነው፣ ስስ ምርጊትን የሚይዘውም እሱ ነው። በመዳፍ ይለቀለቃል። ውሃው ሸሽቶ ጭቃው ጣት የማያስገባ፣ ጥፍር ግን የሚጽፍበት ሲሆን በለስላሳ የወንዝ ድንጋይ ይታሻል። የእመቤቲቱን እጅ ሳይ የገረመኝ ድንጋዩ ድምፅ ሲለውጥ ማቆማቸው ነው፤ ከመሻከር ወደ መንሸራተት ሲያልፍ ወደ ሌላው ቦታ ይሄዳሉ። ከዚያ በላይ ማሸት ላዩን ይልጠዋል።

የራሱን ቤት የሚጠግን ሰው ጭቃ ከማቡካቱ በፊት ስንጥቁን ይመርምር። እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ ቀጭን ስንጥቅ የሸክላ መብዛት ወይም በፀሐይ መቸኮል ነው፤ ቀጠን ያለ እበትና የተነፋ አፈር ታሽቶበት ይዘጋል። ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ የሚወርድ ብዙውን ጊዜ ከስሩ ያለውን ቋሚ ተከትሎ ነው፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ቆሞ ሲደርቅ ተኮማትሯል፣ ወይም ምስጥ ገብቶበታል። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ የሚወርደው ሰያፍ ስንጥቅ ግን መሠረቱ እየሰመጠ ወይም ዋልካው ከስር እያነሳው መሆኑን ይናገራል፤ እሱን በምርጊት መድፈን ድካም ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ይከፈታል።

ሰፊውን ስንጥቅ ለመጠገን በቢላ ከፍቶ የላላውን ሁሉ ማውጣት፣ አቧራውን መጥረግ፣ ከዚያ ውሃ ማርከፍከፍ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ይህን የመጨረሻውን ይዘላል። ደረቅ ግድግዳ የአዲሱን ጭቃ ውሃ በአንድ ጊዜ ይመጠዋል፤ አዲሱም ተኮማትሮ ከዳር ዳሩ ይላቀቃል። መሙያው ጭድ የበዛበትና ጠንከር ያለ ጭቃ ይሁን፣ ስንጥቁ ጥልቅ ከሆነም ሁለት ጊዜ ይሞላ።

የግድግዳው እግር ሌላ ጉዳይ ነው። ከጣራ የሚወርድ ጠብታ መሬት መትቶ ወደ ግድግዳው ይረጫል፣ ክረምቱን ሙሉ ያንኑ ቦታ ይልሰዋል። መድኃኒቱ ከጭቃው ውጭ ነው፦ ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት፣ ክንድ ያህል የወጣ ክፈፍ፣ ውሃውን ከቤቱ የሚያርቅ ቦይ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራንና የሊቦ ከምከምን ወረዳዎች ባጥለቀለቁ ጊዜ እንደታየው ለሜዳው ሰው የመሠረት ከፍታ የቅንጦት ነገር አይደለም። ቆርቆሮ የሚያፈስ ከሆነም ምስማሩ ጉብ ባለው ጀርባ ላይ መመታቱን ማየት ነው፤ ውሃ በሚሄድበት ጎድጓዳ ላይ የተመታ ምስማር ሁሉ ቀዳዳ ነው።

አሁን በከተሞቻችን የተለመደው በጭቃው ላይ ሲሚንቶ መለሰን ነው። የሚያደርጉት ሰዎች ቤታቸውን ስለሚወዱ ነው፣ ድካማቸውም ያሳዝነኛል። ጭቃ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ አይንቀሳቀስም። በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል፣ በስንጥቁ የገባ ውሃ መውጫ ያጣል፣ ምስጥም ዓይን ሳያየው ይወጣበታል። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ በራንቾስ ደ ታኦስ የሚገኘው የቅዱስ ፍራንሲስ የጭቃ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1967 ጠንካራ ልስን ለበሰ። አሥራ ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1979 ከልስኑ ስር ግድግዳው በውሃ ተጎድቶ ተገኘ። ልስኑን አንስተው ወደ ጭቃ ተመለሱ፤ ዛሬም ምእመናኑ በየዓመቱ እየተሰበሰቡ ይመርጉታል። ጭቃ በየጊዜው መነካካት ይፈልጋል፤ ስለሚተነፍስ ግን ችግሩን አይደብቅም። የምስጥ መንገድ ላዩ ላይ ይታያል፣ እርጥበት ቀለሙን ይለውጣል፣ ባለቤቱም በጊዜ ይደርሳል።

ለምርጊት ጥሩው ወቅት ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው። የበጋው ፀሐይ ሳይከር፣ በጠዋት፣ ጥላ ካረፈበት ጎን ተጀምሮ ፀሐይን እየሸሹ መዞር። እመቤቲቱ ሥራውን ሲጨርሱ ከዚያው ቀይ አፈር አንድ ማዳበሪያ ሙሉ አስነፍተው ከጓዳ አስቀመጡ። ከሌላ ጉድጓድ የወጣ አፈር መኮማተሩም ቀለሙም ስለሚለይ መጠገኛው ከግድግዳው ጋር አንድ አፈር መሆን አለበት ይላሉ። ማዳበሪያው ላይም የየትኛው ግድግዳ እንደሆነ ልጃቸው በከሰል ጻፈችበት።